ክርስትናና የስፌት ፈተና በአንድ ዓርብ

ከሆሳዕና መቐለ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ፓስፖርት የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሰላምታውን እንኳ የማልችልበት ከተማ ስለሆነ ግን ለእኔ ውጭ አገር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በበጎ ፈቃድ አገልጋይነት ለስድስት ወር ላከችኝ፤ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ።

የማገለግልበት ቤት ወደ ዓይናለም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባለ አራት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። አምስት ወጣት እናቶች ከነልጆቻቸው ይኖሩበታል። ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንዷ ከዓረብ አገር አርግዛ ስትመለስ ቤተሰቦቿ በር የዘጉባት ናት፤ ሌሎቹ ያልነገሩኝን አልጠየቅኩም። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሁላችንም «አደይ» እንላቸዋለን፤ እናቴ እንደማለት ነው። እኔን ደግሞ ሁሉም «ሓወይ» ይሉኛል፤ ወንድሜ።

በወረቀት ላይ የስፌት አሠልጣኝ ነኝ። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የአጎቴን አሮጌ የስፌት መኪና እየፈታሁ ስገጥም፣ የቀረውን ከስልክ ቪዲዮ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። በተግባር ግን የጠዋት ሥራዬ ውኃ ነው። ቧንቧው በመጣ ቀን አሥራ አራት ጄሪካን እሞላለሁ፤ የሕፃናቱን ጨርቅ አጥቤ አሰጣለሁ። መጀመሪያ ያሰጣሁ ዕለት የጎረቤት ሴቶች አጥሩን ተደግፈው ሲስቁ ወንድ ልጅ ጨርቅ ማጠቡ ገርሟቸው መሰለኝ። አደይ ሄደው ጠየቁልኝ። ያሳቃቸው ማጠቤ አይደለም፤ ጨርቁን ከትልቅ ወደ ትንሽ በመጠን ደርድሬ ማስጣቴ ነው።

ከአምስቱ እናቶች እጇ ለስፌት የሚታዘዝላት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ነበረች። እንደ እኔ ዝምተኛ ናት፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባ ነበር። ሴት ልጅ ወልዳለች። የቤቱ ደንብ ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው እናቲቱ ሥራ ይዛ ራሷን ችላ እንድትወጣ ነው። እሷ ደግሞ የምትመለስበት ቤት የላትም። አደይ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሁለት ወር ሙሉ ተመላልሰው ለአንድ ሰው የመፈተኛ ቦታ አገኙ። ቦታውን ለእሷ ሰጧት። ይህ ካመለጠ ቀጣዩ ቅበላ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

ፈተናው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተባለ። የሕፃኗ ሰማንያኛ ቀን፣ ክርስትና የምትነሣበት፣ ያው ዓርብ ዋለ። እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማቀናጀት እወዳለሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ክርስትና፣ ሁለት ሰዓት ቁርስ፣ ሦስት ሰዓት ዕረፍት፣ ሰባት ሰዓት ባጃጅ፣ ስምንት ሰዓት ፈተና። ወረቀቱን በር ላይ ለጠፍኩ። ለፋብሪካውም ደውዬ አረጋገጥኩ።

ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው። ወሩ ዐቢይ ጾም መሆኑን አውቃለሁ፤ በቤቱ ከእኔ በቀር እንቁላል የሚበላ ሰው ስላልነበረ እኔም ከይሉኝታ የተነሣ ትቼው ነበር። ያላወቅኩት ጾም የቅዳሴውን ሰዓት ወደ ቀትር እንደሚያዞረው ነው። ይህን መቐለ ውስጥ የሚድህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህም ማንም አልነገረኝም፤ ካህኑን በልዩ ሁኔታ አስፈቅጄ መስሏቸው ኖሯል። እናቲቱ ወረቀቱን በየቀኑ እያነበበች ውስጥ ውስጡን ታመሰግነኝ ነበር አሉ።

ነገሩ የወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ለሕፃኗ የክርስትና እናት የሚሆኑት ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ከደሴ መጥተው መቐለ ከተዳሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ሳሙና ልገዛ ስሄድ ነገ ለክርስትናው አምስት ሰዓት ላይ ሱቁን እንደሚዘጉ ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አይደለም ወይ አልኳቸው። ሳሙናውን እንደያዙ ትንሽ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ በጠዋት የሚቀደሰው እናንተ አገር ሆሳዕና ነው?»

አምስት ሰዓት ጥምቀት፣ ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ቁርባን። የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ።

አደይ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ነው የከፋው። እናቲቱ ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ክርስትናው ወደ እሑድ ቢዛወር እንደሚሻል፣ እሑድ ቅዳሴው በጠዋት መሆኑን አሁን ማጣራቴን ነገርኳት። ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ታማ እንደነበር፣ ያኔም እግዚአብሔር ለሰማንያ ቀኗ ቢያደርስልኝ በዕለቱ ክርስትና አስነሣታለሁ ብላ መሳሏን ያወቅኩት ኋላ ከአደይ ነው።

«ሓወይ፣ ሥራ ሌላ ይመጣል» አለችኝ። «ሰማንያ ቀን ግን አንድ ነው።»

ሌላ እንደማይመጣ እሷም ታውቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ቆምኩ። መለመን አልችልበትም። የምለውን በወረቀት ጽፌ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዘበኛው ቀጠሮ የለህም ብሎ እስከ ሦስት ሰዓት አስቆመኝ፤ ከዚያ የፋብሪካው የሠራተኛ ቅበላ ኃላፊ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት፣ ለሌላ ጉዳይ ወደ በሩ ስትመጣ ጠራልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ አጣሁት። የሆነውን እንደሆነው ነገርኳት፤ ቤታችን በር ላይ ስለለጠፍኩት የሰዓት ዝርዝር፣ ስለ አሥራ ሁለት ሰዓት። አቋርጣኝ ጴንጤ መሆኔን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም ከመሳቅ የተረፈችው ለጥቂት ነው።

ቀኑን መለወጥ እንደማትችል ነገረችኝ። ፈታኙ ግን እስከ አሥር ሰዓት የገባውን ይፈትናል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይፈተንም። «አሥር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ብትመጡ እኔ ራሴ አልከፍትላችሁም» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴው ካለቀ፣ በባጃጅ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ከበሩ እስከ ፋብሪካው በእግር ሰባት ደቂቃ፤ ሃያ ስምንት ደቂቃ ይተርፈናል። ይህን ስሌት ለማንም አልተናገርኩም። በቂ ተናግሬ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት እኔ ዘንድ ደረሰ። ቅዳሴው ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እትዬ ሕፃኗን ታቅፈው፣ እናቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጡ። ለካ ለቁርባኑ ሲባል ሕፃኗ ከጠዋት ጀምሮ ጡት አልቀመሰችም፤ የተቀደሰውን ውኃ እንደጠጣች በለቅሶ ሰማዩን ቀደደችው። ጡት ማጥባት በስሌቴ ውስጥ አልነበረም።

«ባጃጅ ውስጥ ትጠባለች» አሉ እትዬ፤ ክርክሩ አለቀ።

የባጃጁ ሾፌር ጉድ ፈላበት። እኔ ፍጠን እለዋለሁ፤ እትዬ ከኋላ ሕፃኗን ትን ያስብላታል፣ ቀስ በል ይሉታል። ሓወልቲ አካባቢ ስንደርስ ዞር ብሎ ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ነው የተኮናተረኝ ብሎ በትግርኛ ጠየቀ። እናቲቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ትርጉሙን የነገረችኝም እሷ ናት።

በሩ ላይ የደረስነው አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዘበኛው እኔን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ከፈተ። እናቲቱ ሕፃኗን ከጡቷ ለይታ ለእትዬ አቀበለችና በነጠላ ጫማዋ ሮጠች። ከቁርባን በኋላ መሮጥ አይገባም ነበር መሰለኝ፤ እትዬ ግን አዩና ሕፃኗን ማባበል ያዙ።

እኛ ከበሩ ማዶ ባለች ሽሮ ቤት ተቀመጥን። እናቲቱን ጨምሮ ሦስታችንም ከጠዋት ጀምሮ አልበላንም፤ እነሱ ለቁርባን፣ እኔ ስለረሳሁ። አንድ ሽሮ አዘዝን፤ ማንም አልነካውም። ስንት ደቂቃ እንደቆየች አውቃለሁ፤ አርባ አንድ።

መጥታ ተቀመጠች። እጇን ታጠበች። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ክር በሌለው መርፌ እንዳሰፏት፣ ቀጥሎ የካናቴራ ትከሻ እንደሰጧት፣ መኪናው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ገና ስትነካው እንደሸሻት፣ አንድ መርፌ እንደሰበረች፣ ፈታኙ ሌላ መርፌ ራሱ እንዳስገባላት ነገረችን። እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ተቀበሉሽ ወይስ አልተቀበሉሽም?»

«ሰኞ በአንድ ሰዓት ተኩል ነይ አሉኝ።»

እትዬ እልል አሉ፤ ሽሮ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። እናቲቱ ግን ሽሮውን እያየች ቀረች። ሥራ የያዘች እናት ልጇን በቀን የምትተውለትን ሰው ራሷ መፈለግ አለባት። ከቤቱ እናቶች እያንዳንዷ የራሷን ልጅ ይዛለች። እኔም ይህን ቀድሜ አስቤበት ስለነበር ሦስት አማራጭ አዘጋጅቻለሁ፤ አንደኛውን መናገር ጀመርኩ።

እትዬ አልሰሙኝም። ሕፃኗን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋሉ።

«ክርስትና ያነሣኋት ለስም ነው እንዴ?» አሉ። «ሱቅ ነው የምውለው። ሰኞ ስትወጪ በጠዋት አቀብይኝ። ከእኔ ጋር ትውላለች።»

እናቲቱ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ተቀምጣ መጉረስ ጀመረች፤ ስትበላ ቀና ያለችው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ሌላ ሽሮ አዘዝኩ።