ሰማያዊው ለባለቤታቸው ነው

ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትልቅ የቀለም ጣሳ በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ይዘዋል። ኮታቸው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በሮዝ ጠብታ ከመዥጎርጎሩ የተነሳ የራሱ ቀለም ጠፍቷል።

«አባባ፣ እንዳይደፋብን!» አለ ረዳቱ።

«አይደፋም፤ ፋሲካ ሳይደርስ መቃብር ላድስ ነው» አሉ እየሳቁ። «የሟቾቹ ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል። ታዲያ ማን ይቀባላቸው? እግዜር ጤና የሰጠኝ ለዚህ ነው።»

በፌስታል ለብቻዋ የጠቀለሏትን ትንሽ ጣሳ አይቼ፣ «ይቺስ?» አልኳቸው።

«ሰማያዊ ናት፤ ለባለቤቴ። የእሷን መጨረሻ ላይ ነው የምቀባው።»

«ለምን መጨረሻ?»

«ከእሷ ከጀመርኩማ ጨዋታ ይይዘናል፤ የሰው መቃብር ሳይቀባ ይመሻል!»