የሰው ጀልባ ተሻግሮ ማለፍ

ቶተንሃም የውሃ ቦይ ላይ ጀልባችንን ቤት አድርገን የምንኖር ሰዎች ቅዳሜና እሁድን አብረን ልንጫወት ተሰባስበን ነበር። ቦታ ስለጠበበ ስድስት ጀልባዎች ጎን ለጎን ታሰሩ፤ ከመሬት የራቀችው የእኔ ናት። ለመውረድ በአምስት የሰው ጀልባዎች ላይ መራመድ አለብኝ። ደንቡ ኮቴ ሳያሰሙ፣ በመስኮት ሳያዩ ማለፍ ነው። የሰው ደጅ ረግጦ ዝም ማለት ግን አልሆንልህ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ አምስቱንም በር እያንኳኳሁ እንዴት አደራችሁ አልኩ። አንዷ የጥርስ ብሩሿን እንደነከሰች ወጣች፤ አንዱ ጀልባው የሚሰምጥ መስሎት ድመቱን ታቅፎ። ነገሩ ሲገባቸው ሳቃችን ስድስቱንም ጀልባ አወዛወዘ።

እሁድ ማለዳ የእኔ በር ተንኳኳ። መሬቱ ጥግ ያለችው ጀልባ ባለቤት፣ ሽማግሌው ናቸው፤ በፒጃማቸው ላይ ከረባት አስረዋል። እንዴት አደርክ አሉኝ በእንግሊዝኛቸው። ከእኔ ጀልባ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው፤ ወዴትም እያለፉ አልነበረም።