እንደሻውና የእድሩ ዓርማ

እንደሻው ቀናተኛ ነው። ሰው ሲሞት «ደግ ነበር» ይባላል፤ እሱ ግን ገና አልሞተምና እውነቱን እንናገር።

ሠላሳ ዓመት አቦከር ሠፈር ውስጥ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የፀጉር ቤቱ መቀስ የእሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ክር ወጥሮ ነጥብ ነጥቡን ይመታል፤ ከዚያ ነው ብሩሽ የሚያነሳው። ድንኳን ሥር የተጨባበጡ ሁለት እጆች ያሉበትን የሠፈሩን እድር ዓርማም በወጣትነቱ እንዲሁ ነበር የሣለው።

ታዲያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስትመጣ እሱ ራሱ ሁለት ዓመት ብሩሽ ያስያዛት ትዕግሥት፣ ኮምፒውተር ገዝታ ፊት ለፊቱ ሱቅ አትከፍትም መሰላችሁ! ደንበኛው ሁሉ መንገዱን ተሻገረ። እንደሻው ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ የቆመውን ሰው ይቆጥራል። «ማሽኑ ነው እንጂ እሷማ ምን ታውቅና!» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

በሁለት ሺህ ሰባት እድሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሆነ። ሰብሳቢው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ለመታወቂያውም ለትልቁ ባነርም የሚሆን ዓርማ እንድታሰናዳ ትዕግሥትን አዘዙ። እንደሻውን ማን አማከረው! ይህን የሰማ ቀን ምሳውን ሳይበላ ተነሳ።

ትዕግሥት ጨርሳ በፍላሽ አስረከበች። ሰብሳቢው የእንደሻው ፊት መጥቆሩን አይተው ነበርና «አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ እስቲ እየውና እሑድ ስብሰባው ላይ አስተያየትህን ንገረን» ብለው ፍላሹን ሰጡት።

በቀጥታ ወደ ሐሰን ኢንተርኔት ቤት ገሰገሰ። ሐሰን ሌላ ደንበኛ ይዞት ስለነበር ራሱ ከፈተው። ኮምፒውተሩ «በምን ልክፈተው?» ሲለው ደብዳቤ የሚጻፍበትን ፕሮግራም ነካ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? እጅ የለ፣ ድንኳን የለ፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ!

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሐሰንን ጠርቶ ቢጠይቀው ምን ነበረበት? ቀናተኛ ግን ደስ ያለውን ነገር አያጣራም። ሦስት ገጽ ፕሪንት አድርጎ ኪሱ ከተተ።

እሑድ አባላቱ በተሰበሰቡበት ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። «ዓርማችሁ ይኸውላችሁ! የቁጥር ክምር! ልጅቷ ቀልዳባችኋለች!»

ትዕግሥት ላፕቶፗን ከፈተችና ያንኑ ፋይል በሥዕል መሥሪያው ፕሮግራም አሳየች። ሁለቱ እጆች ብቅ አሉ። የአውራ ጣት ያህል አሳነሰቻቸው፤ ከዚያ ስክሪኑ እስኪሞላ አሳደገቻቸው። ጠርዛቸው አልደበዘዘም።

«ጋሼ፣ ይኼ ቬክተር ይባላል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቁጥሮቹ የነጥቦቹ ቦታ ናቸው። እርስዎ በክር እየለኩ ነጥብ ሲያስመቱኝ 'ነጥቡን ከያዝሽ ግድግዳው ቢሰፋም ሥዕሉ አይበላሽም' ይሉኝ አልነበር? ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ያንኑ ነው። እጆቹንም ያነሳሁት እርስዎ ከሣሉት ከአሮጌው የእድሩ ሰሌዳ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ከሥሩ ስምዎን ላስገባ?»

ሌላ ሰው ቢሆን መርቆ ያቅፋት ነበር። እንደሻው ግን በላብ የለፋበትን ነገር እሷ በጣቷ ስትጎትተው እያየ ዓይኑ ደም ለበሰ። «ማሽን በሠራው ላይ ስሜ አይገባም!» አለና ተነስቶ ወጣ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ «አንተ ሰው፣ ኧረ ተመለስ!» ቢሉት አልሰማም።

ዓርማው እንደዚያው ያለ ስም ታተመ። ዛሬ በእድሩ ድንኳን ላይ አለ፤ በየአባሉ ኪስም አለ። በቀደም ለቅሶ ቤት አንድ እንግዳ ወደ ድንኳኑ ቀና ብሎ «እንዴት ያምራል! ማን ነው የሣለው?» ሲል ጠየቀ።

እንደሻው «እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። አጠገቡ የተቀመጠው ሐሰን ግን ቀደመው።

«የትዕግሥት ሥራ ነዋ! ወላሂ፣ በዚህ ከተማ እንደሷ የሚሥል የለም» አለ፤ ወደ እንደሻው ዞሮም «አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።