ስሙ የማይነሳው የድንጋይ ክምር

አያ ይመር ጎረቤታችን ነበሩ። ልጅ ሳለሁ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የዓሣ መረባቸውን ይዘው ቤታችን ምድጃ አጠገብ ይቀመጡና የተቀደደውን እየጠገኑ ስለ አገራችን ያወጉን ነበር፤ ያን ዋርካ ማን እንደተከለው፣ ያ ምንጭ ለምን እንደደረቀ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ማሳ ለምን በሴት ስም እንደሚጠራ። ያኔ እኔና የልጅ ልጃቸው ዘሀራ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ በኩራዝ ብርሃን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰማለን።

ከሁሉ የምወደው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ክምር ታሪክ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ገደለ። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ አባጋሮቹ፣ ሁለቱን ወገን እዚያው አስታርቀው ድንጋይ አስከመሩ፤ ከዚያ ወዲያ የገዳዩን ስም ያነሳ እርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል ተባለ።

«ገዳዩ ማን ነበር?» እያልኩ እጨቀጭቃቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ነገር ታበዣለሽ። ታሪኩን ያዢ፤ ስሙ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

አምስተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን የአካባቢያችንን ታሪክ ጽፈን በወላጆች ቀን እንድናነብ አዘዘን። እኔም አንደኛ ልወጣ ብዬ፣ ሐይቅ ከተማ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ለምኜ ስሙን አገኘሁ። «አራጌ ነው፤ የይመር አባት» አሉኝ። አላዘንኩም፤ ደስ አለኝ።

በዕለቱ አያ ይመር ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ገዳዩ አራጌ ይባል ነበር» ስል ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አያ ይመር ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ወጡ፤ ዘሀራም ተከተለቻቸው።

ቤት ስንገባ አባቴ አልመታኝም። «የተገደለው የእኔ አያት ነው» አለኝ። «የሞተብን እኛ ዝም ያልነውን አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

አመሻሹ ላይ ይዞኝ ሄደ፤ እኔም አያ ይመር እግር ላይ ወደቅሁ።

«ተነሺ ልጄ» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «ኧረ ተዋት፣ አራጌ የማን አባት እንደሆነ በምን ታውቃለች? ልጅ አይደለች? አፉ ብያለሁ።»

ዱዓ አደረጉልን፤ አሚን አልን። ማወቄን መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ዘሀራ እስከ ደጃፍ ሸኘችኝና እጄን ይዛ «እውነት አታውቂም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ወላሂ አላውቅም» አልኳት።

በማግስቱ አያ ይመር እንደ ልማዳቸው መረባቸውን ይዘው መጡ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የነገሩንን አንዱንም አላስታውስም፤ ፊታቸውን ማየት እያፈርኩ ፍሙን ብቻ እቆሰቁስ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዘሀራ ሐይቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ወደ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ሌላ ቤት ማደሬን አትወድም። ለልጆቿ ታሳየኛለች፦ «ይቺ እህቴ አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም» ትላቸዋለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ያቀረበችልኝን እበላለሁ።