«ቆሎ እኮ ምግብ አይደለም»

አንኮበር የግብርና ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከወንበር ጋር ብዙም አንተዋወቅም ነበር። ሥራዬ ገደሉን ወርዶ የቆላ ገበሬዎችን ማሳ ማየት፣ ከዚያ ያንኑ ገደል ሽቅብ መውጣት ነው። ጠዋት ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ እነሳለሁ፤ ታች ቆላው አሊዩ አምባ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መንገድ ላይ ምሳ የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱን ኪሴን በገብስ ቆሎ፣ ሌላውን በዳቦ ቆሎ እሞላና እየቆረጠምኩ እሄዳለሁ። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ የቀረበልኝን ሁሉ ጠርጌ እበላለሁ። ያም ሆኖ ሱሪዬ ያለ ቀበቶ ወገቤ ላይ አይቆምም ነበር።

ከዚያ ዕድገት አገኘሁና ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። የሚሽከረከር ወንበር ሰጡኝ። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በባጃጅ ሆነ። እግሬ ሥራ ሲፈታ አፌ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። ቆሎው ከኪሴ ወደ ጠረጴዛዬ መሳቢያም ተስፋፋ። በሦስተኛው ዓመት አንድም የድሮ ሱሪ አልገባ አለኝ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ደልቶሃል! ተመችቶሃል!» ይለኛል፤ እንዳመሰገነኝ ቆጥሮ መልስ ይጠብቃል። ምን ብዬ ልመልስለት?

አንድ ምሽት ለባለቤቴ እራት አልፈልግም አልኳት።

«ምነው? ወጡ ምን ሆነ?»

«ወጡ ምንም አልሆነም። ለመክሳት ነው።»

በየማታው ድርሻዬን ማቅረቧን ቀጠለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን አላስቻላትም። «እናትህ ብትሠራው ኖሮ ትበላ ነበር» አለችና የእኔን ድርሻ ከትሪው ላይ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉዳዩ የእናቴ ወጥ እንዳልሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ይባስ ብሎ እራት ትቼም አልከሳሁም። ጠዋት ቁርሴን በጥድፊያ ቀምሼ ቢሮ እገባለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ራሴ ይዞራል። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ይህን ጊዜ ብስኩቷን ትፈታለች። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» በሞቷ ተለምኖ እንቢ ማለት እንዴት ይቻላል? አንዷ አራት ትሆናለች፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። ለጥቂት ጊዜ እነቃለሁ። ከዚያ ዓይኔ ክድን ክድን ይላል፤ ለመንቃት ደግሞ መሳቢያዬን እከፍታለሁ። የቤታችንን ሚዛን ተበላሽቷል ብዬ የጎረቤት ሚዛን ላይ ወጣሁ። የእነሱም ተበላሽቶ ነበር።

ጉልበቴን ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች።

«በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?»

«ሁለት ጊዜ። እራት ትቻለሁ» አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«በመሃል መክሰስ ነገርስ?»

«ምንም።»

ወደ እጄ አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

መዳፌ ላይ ቆሎ ነበር። መቼ ከኪሴ እንዳወጣሁት አላውቅም።

«ቆሎ እኮ ምግብ አይደለም፣ ሲስተር።»

አልሳቀችም። «ሰውነትዎ ይሄ ምሳ ነው፣ ይሄ ቆሎ ነው ብሎ አይለይም። የገባውን ሁሉ ይቀበላል፤ ያልሠሩበትን ያስቀምጠዋል። እራትዎን ይብሉ። የሚጎዳዎት በመሃል ሳያስቡት የሚቆረጥሙት ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ስንት ገበሬ ያስተማርኩ ሰው ስለ ገብስ በልጅ ልማር? እየተነጫነጭኩ ቤት ስደርስ መዳፌ ባዶ ነበር።

ከወር በኋላ ለሥራ ወደ አሊዩ አምባ ተላክሁ። መኪናው ገበያው አጠገብ አወረደኝ። የማየው ማሳ የሐጂ ነበር፤ ሐጂ በዚያ በእግሬ ዘመን እየተመላለስኩ የማያቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከመንገዱ ርቆ ተረተሩ ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ማሻ አላህ! አንተ ነህ? ከተማው አብልቶሃል!»

ተያይዘን ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ሐጂ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል፤ እያወሩ ይወጣሉ። እኔ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም። ከአራተኛው ዕረፍት በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበት እንዲሆነኝ ብዬም እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሐጂ ዱላቸውን ተደግፈው ስቆረጥም አዩኝ።

«ድሮ እየሄድክ ነበር የምትበላው» አሉ። «አሁን ተቀምጠህ ሆነ እንዴ?»

ሊያስቀይሙኝ አልነበረም፣ ገርሟቸው ነው። ግን የቀረውን ቆሎ ወደ ኪሴ መለስኩት።

«ከቤት በቅሎዬን ላምጣልህ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ሐጂ! እርስዎ በእግርዎ እየሄዱ?»

ጥቂት እርምጃ ሄጄ ዳግመኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በቅሎዋን አመጡ። እኔ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ኮርቻ ላይ፣ ሽማግሌው ልጓሟን ይዘው ከፊት። ከማሳ የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ለቀው ሰላም አሉን፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዳገቱ ሲበረታ ሐጂ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አድርገው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉ። ለእኔ አንድም አይዞህ የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳምንታት ሙሉ ያኮረፈችኝ ሴት ስትስቅ እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ነርሷ ያለችኝን ደብቄያት ነበርና እሱንም ነገርኳት። ሳቋን አቆመች።

«ስለዚህ የእኔን እራት ትተህ ስትወፍር የኖርከው በቆሎና በብስኩት ነው?»

«ይመስላል።»

«ይመስላል!» ብላ እራት አቀረበች። በላሁ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እጄን ኪሴ ልከት ብል አልገባ አለኝ። የጃኬቴን ኪሶች በሙሉ በመርፌና ክር ጥርቅም አድርጋ ሰፍታቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ተናደድኩባት። እጄ ግን ስንት ጊዜ ወደዚያ እንደሚሄድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ስልክ ሲጠራ፣ አለቃዬ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ሲዘገይ። አንዱም የረሃብ አልነበረም።

መሳቢያውን ባዶ አደረግሁ። ቁርሴንም ምሳዬንም እራቴንም ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ ባጃጁን ትቼ በእግሬ እመላለሳለሁ። ከባዱ ብስኩቱ ነበር። ባልደረባዬን «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ስላት «ተጣላን እንዴ?» አለችኝ። አልተጣላንም አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ። ያንን ዳገት አሥር ጊዜ መውጣት አንዲት ብስኩት እንቢ ከማለት ይቀላል። በመጨረሻ ሐኪም ከልክሎኛል ብዬ ዋሸኋት፤ ያኔ አዘነችልኝና ተወችኝ።

አሁን አራት ሰዓት ላይ ራሴ አይዞርም፣ እንቅልፉም ቀርቷል። ሁለት የድሮ ሱሪዎች ገብተውኛል፣ ሦስተኛው ገና ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ደግሞ ዜማቸውን ቀይረዋል። ትናንት አንዱ ክንዴን ይዞ አስቆመኝና ፊቴን ትክ ብሎ አየ።

«ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?»