የመነጽሩ ቀለበት

ዛሬ ጠዋት የቧንቧ ጎሚኒ ፍለጋ የድሮውን የብስኩት ቆርቆሮ ሳተራምስ እጄ አንድ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። ሳላየው አወቅሁት። አውራ ጣት የሚያስገባ፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚጠብቅ፣ ጎኑ ላይ አንድ ጭረት ያለው ቀለበት ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የጠመንጃ ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

«አባ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው እኮ!» አለች ልጄ ከጓሮ።

«ይፍሰስ» አልኳት። በቤቴ ውሃ ማባከን ትልቅ ጥፋት ነው። እንዲህ ስል ሰምታኝ ስለማታውቅ በሩ ላይ መጥታ አየችኝ።

ያኔ የምንኖረው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን ከሥራው ይልቅ በጠመንጃው ነው። ፈቃድ ያለው የአደን ጠመንጃ ነበረው። ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ከርከሮ ከቁጥቋጦው እየወጣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የመልካ ጀብዱን ማሳ ሲገለብጠው፣ ገበሬዎቹ የሚጠሩት እሱን ነው። ከርከሮ እኛም አንበላም፣ እነሱም አይበሉም። ስለዚህ አደኑ ለሥጋ አልነበረም። አባቴ የሚወደው መፈለጉን ነበር። ባሩድ ባሩድ እየሸተተ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ሲመለስ ቤታችን ውስጥ ቀና ብሎ የሚራመደው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ግን ተኩሶ ሳተ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ሳተ። «አፈሙዙ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ ጠምማለች» አለን። በዚያው ሰሞን ባቡር ላይ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የጠመንጃ መነጽሩን ትቶለት ሄደ። አባቴ ጨርቅ አልብሶ እንደ ጨቅላ አቅፎ አመጣው። ጠመንጃው ላይ የመነጽር መቀመጫ አለ፤ መነጽሩም በእጃችን ነው። የጎደለው ሁለቱን አጣብቆ የሚይዝ ጥንድ ቀለበት ብቻ ነበር።

«አንተ እግር አለህ» አለኝ። «ልኩን ፈልገህ አምጣ።»

ትምህርቴን አቋርጬ ቀን ብየዳ ቤት የምውል፣ ሲመሽ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ከዚያ በፊት አንድም ነገር በእኔ ላይ ጥሎ አያውቅም። ስለዚህ ፈለግሁ። ታይዋን ገበያ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ የሰዓት ማሰሪያም፣ የባጃጅ ዕቃም አለ፣ የጠመንጃ ቀለበት ግን የለም። በመጨረሻ አንድ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ በአፉ አንድ ጎን ጫት የወተፈ፣ ሲያወራ የማሽኑን ጩኸት የሚበልጥ ሰው ነው።

«ጣትህን አንሳ አቦ! ይሄ ብረት ነው፣ ሀላዋ መሰለህ?»

የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ፣ እየጨሰ እግሬ ሥር ወደቀ። ሊጨርስ ሲል መሣሪያው አንሸራተተውና ከአንዱ ቀለበት ጎን ላይ ጭረት ቀረ። «ምንም አይለው» አለኝ። «ለሙሽራ ጣት አይደለ።»

አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መነጽሩን በራሱ እጅ አሰረው። በአዳኞቹ ዘንድ ደንብ ነው፤ ሰው መነጽሩን ለራሱ ዓይን ካሰረ በኋላ ሌላ ሰው አያይበትም። ልኩ ይዛባል ብለው ያምናሉ። ወደ ኮረብታው አነጣጠረ። ሰደፉን ትከሻው ላይ አስተካከለ፤ እንደገና አነጣጠረ።

«ረጅም ነው» አለ። «ጉንጬን ከሰደፉ ያስነሳኛል። ጨለማ ነው የማየው።»

ቶርኖ ቤቱ ተመለስኩ። አጠር ያለ ጥንድ አሠራሁ። «አጠረ» አለ አባቴ። ሌላ አሠራሁ። «ይሄ ደግሞ ሰፋ፤ መነጽሩ ይንቀሳቀሳል።» ባለ ቶርኖው ከሩቅ ሲያየኝ ማሽኑን አጥፍቶ መሳቅ ጀመረ።

«ኧረ አቦ! ይሄ ሁሉ ቀለበት! አባትህ በስተርጅና ስንት ሚስት ሊያገባ ነው?»

አልሳቅሁም። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከመልካ ጀብዱ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ሽርጡ አቧራ ጠጥቷል። «ወንድሜ፣ ማሽላው አለቀ እኮ። ወላሂ፣ ልጆቼ ቆርቆሮ እየደበደቡ ነው የሚውሉት። መቼ ነው የምትመጣው?»

«መሣሪያው ቀለበት ይጎድለዋል» አለው አባቴ። «ልጁ እየፈለገ ነው። እንደተገኘ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት ተሸክሜ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲገባ ጠመንጃው፣ የመጨረሻው ቀለበት እንደታሰረበት፣ መስኮቱ ሥር ቀረ። ፀሐዩ ነጭ ነበር፤ ከውጭ ከቁራ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ካላወቅሁ ምን ብዬ ላሠራ ነው? ጥይት እንደሌለው አረጋገጥኩና ደንቡን ጥሼ ጎንበስ አልኩ።

ቁራው ታየኝ። ከሩቅ ጣሪያ ላይ የውሃ በርሜል ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ከሙቀቱ የተነሳ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። የምላሱን ጥቁረት አየሁ። ከበርሜሉ ወዲያ የተሰጣ ልብስ አየሁ፤ ማያያዣዎቹን ሳይቀር። መነጽሩን በጣቴ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱ ልክ ነበር።

ቀና ብዬ ወደተኛበት ክፍል በር ዞርኩ። አባቴ ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆውን በጣቱ እየለካ እንደሚሞላ፣ ሰው በቀኝ በኩል ሲመጣበት እንደሚደነግጥ ለካ ሳየው ኖሬያለሁ። ግራ ዓይኑ መንገድ ይመራዋል። የሚያነጣጥርበት ቀኝ ዓይኑ ግን ሞቷል። ኋላ ሐኪም ቤት የነገሩንም ይህንኑ ነው፤ ግራውም ያንኑ መንገድ ይዟል አሉ።

እኔ ልጆቼን እውነቱን ፊት ለፊት ተናገሩ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ግን የምመክረው የለኝም። ያን ሳምንት ቀለበት ልፈልግ እያልኩ ወጣሁ፤ መጋላ ገበያ ገብቼ፣ ማንንም ምንም ሳልጠይቅ፣ በጠባቦቹ መንገዶች ዞሬ ተመለስኩ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጥንድ በዘይት ወልውዬ፣ በአዲስ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ወረቀቱን ፈታ። አንዱን ቀለበት በጣቶቹ አዞረው። አውራ ጣቱ ጭረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመጋላ፣ አባባ።»

ጭረቱን ደባበሰው። «ጥሩ ዕቃ ነው» አለ።

ቀስ ብሎ አሰረው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስተኝቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ በደንቡ ሌላ ሰው የማያይበትን ጠመንጃ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«እስቲ አንተ እይልኝ። ኮረብታው ላይ ምን አለ?»

አየሁለት። ፍየሎች አሉ አልኩት። አንዷ ነጭ ናት፤ የግራር ቅርንጫፍ ላይ እግሯን ሰቅላ ትበላለች። ጠባቂዋ ጥላ ሥር ተኝታለች። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ «ጠባቂዋ ምን ለብሳለች?» አለ። ቢጫ አልኩት።

በማግስቱ ሌላ ተኳሽ እንዲፈልጉ ልነግራቸው መልካ ጀብዱ ወረድኩ። ማሳው እንደታረሰ ሆኖ፣ የታኘከ አገዳ ተዝረክርኮበት ነበር። ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ መጣ።

«ቀለበቱስ?»

«አልተገኘም። ለጊዜው ሌላ ተኳሽ ፈልጉ።»

እግሬ ሥር የወደቀችውን የማሽላ ራስ አነሳና በመዳፉ አሸት አደረጋት። ባዶ ነበረች። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ «እሺ» አለ። «እንጠብቃለን በለው።»

ሌላ ተኳሽ አገኙ። ቢሆንም በየዓመቱ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ሽማግሌው ወደ ከተማ በሚመጣ ሰው መልእክት ይልክ ነበር፤ ቀለበቱ ተገኘ ወይ ይላል። አባቴ ግራ ዓይኑም ከጠፋ በኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ እየሞቀ፣ «ገና ነው በሉት፤ ልጁ እየፈለገ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። እሱ ሲሞት ጠመንጃውን ከነመነጽሩ ለመንግሥት አስረከብን። አንዱን ቀለበት ግን ፈትቼ አስቀረሁ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ልጄ።

«የአያትሽ ነው» አልኩና መልሼ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። ጎሚኒው አልተገኘም። ውሃው አሁንም ይንጠባጠባል።