የልጄ ውሻ እግር

ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። ገንቢ ምግብ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ በሽታ ተከላካይ ምግብ እያልኩ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬ ያላስተማርኩት ልጅ ከሚሴ ውስጥ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩ። ያ ሁሉ ትምህርት አንድ ውሻ ለማኖር እንኳ አልበቃኝም። ይህን ስጽፍ እፍረቱ አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ውሻው የልጃችን ነበር። ሰንበቴ ገበያ ሄዳ፣ ፍየል ሊሸጡ ከመጡ ሰዎች ቡችላ ተቀብላ፣ በሻሿ ጠቅልላ አመጣችው። እናቷ ያን ቀን ሻሹን ለብቻው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እያጠበች ስትቆጣ ዋለች። በእኛ ቤት የውሻ ምራቅ ወይም እርጥብ ገላው የነካው ነገር እንዲያ ካልታጠበ አይሰገድበትም። ልጅቷ ግን ትስቅ ነበር። እኔም ውሻ አጥር ጥግ ነው ቦታው ብዬ ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

አሁን ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እንደ እኩዮቿ ዐረብ አገር ሠርቼ እለወጣለሁ ብላ፣ በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ወጣች። ባሕሩን ከመሻገሯ በፊት ደውላ ነበር። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጀልባ ላይ እንወጣለን፤ ዱዓ አድርጉልኝ» አለች። ቀጥላም «ውሻዬን አደራ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስልኳ አልጠራም። አብረዋት የሄዱት ልጆች ስልክም አልጠራም። ሞታለች የሚል ሰው አልመጣም፤ አለች የሚልም አልመጣም።

ጎረቤት ለቅሶ እንቀመጥላችሁ ሲል ባለቤቴ አሻፈረኝ አለች። «ወላሂ፣ ወሬ ሳይመጣ በልጄ ላይ አላሟርትም» አለች። ያን ጊዜ ነው ውሻውን ማብላት የጀመረችው። ከዚያ በፊት በድንጋይ ታባርረው የነበረች ሴት፣ ልክ እንደ ልጅቷ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ና ና፣ ብላ እየጠራች ሳህኑን ታስቀምጥለታለች። «መጥታ ውሻዬስ ብትለኝ ምን ልመልስላት ነው?» ትለኛለች። እኔ ልጄ መሞቷን ልቤ ከነገረኝ ቆይቷል። ከአፌ ግን አላወጣሁትም። ውሻው ደኅና እስከሆነ ድረስ ሚስቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከሰው ጋር ታወራለች። እሱ አንድ ነገር ከሆነ እሷም አብራ እንደምትወድቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ጡረታ የወጣሁት ሰውዬ ሥራ አገኘሁ፤ ሥራዬ ውሻውን ማኖር ሆነ።

የሚበላው ጥሬ ሥጋ ነበር። ባለቤቴ ብታበላውም የውሻ ምግብ በድስቷ እንዲበስል አትፈቅድም። ልጅቷ ፍርፋሪ እንጀራና የተረፈ ወጥ ነበር የምትሰጠው፤ እኔ ግን ተመጻደቅሁ። በአደራ የተቀበልኩትን ፍርፋሪ አላበላም አልኩ። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን በየጠዋቱ በፌስታል ያስቀምጥልኝ ጀመር። አብዛኛው ሳንባ ነው፤ ሰው አይፈልገውማ። አልፎ አልፎ አጥንት ሲኖርበት ጉሮሮው ላይ እንዳይሰነቀር ብዬ ለቅሜ እጥለዋለሁ። ሳንባውን ሲበላ ሆዱ ንፍት ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል። «የእኔ ውሻ በየቀኑ ቁርጥ ነው የሚበላው» እያልኩ ሰፈሩን አሰልችቼው ነበር። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ግንቦት እግሩን ማኘክ ጀመረ። ጠጋ ብዬ ባየው የአራቱም እግሮቹ መዳፍ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቷል። አስፋልቱ በዚያ ወር የሰውንም እግር ያቃጥላልና የሙቀቱ ነው ብዬ ገመትኩ። ሻይ ቤት ሄጄ ባወራ፣ አንዱ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወስደህ ቀባው አለኝ። ሌላው ሌላ ቡችላ ሞልቶ የለም ወይ አለ። ሦስተኛው፣ አብሮ አደጌ ነው፣ ውሻን በኦሮምኛው እየጠራ፣ «መምህር፣ ሰሬ ከሰው አስበለጥክ'ኮ! የሚስትህን እግር አንድ ቀን አጥበህላት ታውቃለህ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ለሰውየው ምን ብዬ ልንገረው? ይህ ውሻ ከሞተ ሚስቴ ትሞትብኛለች ብዬ?

የተቃጠለ ዘይቱን አልቀባሁም። ይልሰዋል፣ ይመርዘዋል ብዬ ለማሰብ የሚበቃ ሳይንስ ቀርቶልኝ ነበር። ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሩን አጥቤ፣ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝቼ መቀባት ያዝኩ። ጥፋቴ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ባለቤቴ ቤቱ ስለሚሞቅ የቀን ሶላቶቹን፣ ዙህርንና አስርን፣ የምትሰግደው በረንዳው ላይ ነው። ውሻው ደረቅ ሆኖ ቢያልፍ ችግር የለም፤ ቅባትና ቁስል ያረጠበው እግሩ ሲሚንቶውን ከረገጠ ግን መስገጃዋ ተበላሸ ማለት ነው። ውሻው ደግሞ እግሩ ከታመመ ወዲህ ከእሷ መራቅ አልፈልግ አለ። ስለዚህ መፍትሔ አበጀሁ። እግሮቹን በጨርቅ ጠቀለልኩ፤ በጨርቁ ላይ ፌስታል አለበስኩ፤ ፌስታሉን በላስቲክ አጥብቄ አሰርኩ። እኔም ሳጥብና ሳስር እጄን ፌስታል ውስጥ እከት ነበር። ባለቤቴ አይታ «አላህ ይስጥህ፣ ብልህ ነህ» አለችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ብልህ ያለችኝ ያን ቀን ይመስለኛል፤ ኮራሁ። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ እየፈታሁ አጥቤ መልሼ አስራለሁ። ሽታ ነበረው። የመድኃኒቱ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መቆም አቃተው። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ልወስደው ባጃጅ ባስቆም፣ ሾፌሩ «ያ ረቢ! መቀመጫዬን ማን ሰባቴ ሊያጥብልኝ ነው?» ብሎ ጥሎኝ በረረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በመጨረሻ ሲሚንቶ ያራገፈ ጋሪ አገኘሁና ማዳበሪያ አንጥፌ አስተኛሁት። ክሊኒኩ በር ላይ ላምና ፍየል የያዙ ገበሬዎች እኔንና ውሻዬን እያዩ መንገድ ለቀቁልን፤ ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ።

ባለሙያው የድሮ ተማሪዬ ነው። ሲያወራ ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። ፌስታሉን በመቀስ ሲቀደው ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«መምህር፣ ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሻ እኮ ላቡ የሚወጣው በመዳፉ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህ ሙቀት በፕላስቲክ ታፍኖ በቁሙ በስብሷል።» ከዚያ ድዱን ገልጦ ጥርሶቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው፤ ይነቃነቃሉ። የኋላ እግሮቹን ዳበሳቸው። «ምንድን ነው የሚበላው?»

«ሥጋ» አልኩ፣ አሁንም በኩራት። «ጥሬ ሥጋ።»

«ምን ሥጋ?»

«ሳንባ።»

«ከሳንባ ሌላስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ሰውነት አይገነባም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለኝ። ሊሰድበኝ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር። ልጁ ግን ከልቡ ነው የጠየቀኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጀመሪያውኑ መዳፉን የሰነጠቀው አስፋልቱ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ቆዳውም የሚጠገነው በሚበላው ነው። አጥንት ስላላገኘ ሰውነቱ የገዛ አጥንቱን እየሸረሸረ ኖሯል። ከእንግዲህ ሥጋው ከነለስላሳ የጎድን አጥንቱ ይሁን፤ ጉበት በሳምንት ሁለት ቀን ትንሽ ብቻ፤ እንቁላል ከነቅርፊቱ፤ ዱባ ወይ ካሮት ጣል ይደረግበት አለ። ሥጋው ጥሬ ቢሆንም የተመረመረ ይሁን፤ ጉበትና ሳንባ ግን ሳይቀቀል እንዳይቀምስ፣ ውሃ የቋጠረው ሳንባ ትል ያመጣል፣ ከእሱም ወደ እኛ ይተላለፋል አለኝ። እግሩ ደግሞ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይሸፈን ደረቅ ማዳበሪያ ላይ ይረፍ። ሁሉንም እንደ ተማሪ በወረቀት ጻፍኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ወረቀቱን አነበብኩላት። ሰማችኝና ጓዳ ገባች። አንድ ድስት ይዛ ወጣች። ሙቀጫዋንም አመጣችው፣ «ለቅርፊቱ» ብላ። የመስገጃዋን ቦታም ከበረንዳው አንሥታ መኝታ ቤት አደረገችው፤ በዚያ ሙቀት። ያን ጊዜ ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን የእንቁላል ቅርፊት እየወቀጠ የሚያለቅስ ጡረተኛ መሆን አልወደድኩም።

አንድ ወር ተኩል እንዲህ ለፋን። ጠዋትና ማታ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። ጎድኑን እየከተከትኩ፣ ጉበቱን እየለካሁ፣ ዱባውን እያደቀቅሁ አበላዋለሁ። ቁስሉ ቀስ በቀስ ከዳር እስከ መሀል ጠገገ። አዲስ ቆዳ አወጣ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ። አንድ ጠዋት ተነሥቶ እስከ በሩ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አየችው። «አየህ፣ ዳነ» አለች። «ስትመጣ ታየዋለች» ትላለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ያ አስፈራኝ።

በሳምንቱ ከበረንዳው ወረደ። ሁለት ደረጃ ናት። የኋላ እግሩ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት። ባለሙያው ቤት ድረስ መጣልኝና ዳብሶ አየው። «አርፍደናል መምህር፤ አጥንቱ አልቋል» አለ። አርፍደሃል ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ መብላት አቆመ። በባዶ እጄ ጉበት እየቆረስኩ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። እጄን ልሶ ፊቱን አዞረ። ሄጄም አልታጠብኩም።

ከሱብሂ ሶላት መልስ ስደርስ ሞቶ አገኘሁት። በጎኑ ተጋድሟል፤ አራቱም መዳፎቹ ወደ እኔ ዞረዋል። አንዲት ስንጥቅ የለባቸውም።

ለሚስቴ ምን እላታለሁ? አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ መላ ስፈልግ ቆየሁ። ሰንበቴ ወርጄ እሱን የመሰለ ውሻ ብፈልግስ እስከማለት ደረስኩ፤ ይህን ያሰበው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። እንዲያ እንዳለሁ ከኋላዬ መጣች። ቆማ አየችው።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች።

«ለሞተ ውሻም ይባላል እንዴ?» አልኳት፣ የምለው ጠፍቶኝ።

«ለልጄ ነው ያልኩት።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ያኔውኑ ነው ያወቅሁት» አለች። «እናቷ አይደለሁ? አንተን ፈርቼ ነው እንጂ። ለቅሶ ብቀመጥ አንተ ተመልሰህ የምትነሣ አልመሰለኝም። ከውሻው ጋር ስትደክም ሳይህ ደግሞ እሱ ይቆይልህ አልኩ።» ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካከለች። «በል ሂድና ለኢማሙ ንገር። ሬሳዋ ባይኖርም በሌለችበት ይስገዱላት። ሰዉም ይምጣ፤ እንቀመጥ።»

ውሻውን ከአጥሩ ኋላ ቀብሬ፣ ታጥቤ ወጣሁ። መስጊዱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ግን «ልጄ ሞታለች» የሚለውን ቃል በአፌ ብዬው ስለማላውቅ፣ ኢማሙ ፊት እንዳያቅተኝ መንገድ ላይ ለብቻዬ ጮክ እያልኩ ተለማመድኩት።